ከውስጥ በኩል ስለተቀባው በር

ግንቦት 12 ቀን።

በሙዚየም የቆመችው የጦር መርከባችን የሞተር ክፍል በር ከውስጥ በኩል ቀለም ተቀባ።

ለተከበሩ የባሕር ኃይል ሙዚየም ሥራ አስኪያጅ፣

እንደምን ሰነበቱ? የእርስዎም የቤተሰብዎም ጤና እንደ በሩ እንዲያምር እመኛለሁ። በተመላለስኩ ቁጥር ጸሐፊዎ ስብሰባ ላይ ናቸው ስለምትለኝ፣ ምስጋናዬን በጋዜጣ፣ በአደባባይ ለማቅረብ ተገድጃለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ጥንቃቄዎ አመሰግናለሁ። የበሩ የውጭ ገጽ ከነዝገቱ ለታሪክ ተብሎ ሲተው፣ የውስጡ ብቻ በስቱኮ ተደፍኖ መቀባቱ እንዲያው አጋጣሚ መሆኑን አስጎብኚዎ አስረድተውኛል። ቀለም አልቆባችሁ ነው እንዳልል፣ አጥሩንም ቀብታችሁታል።

ሁለተኛ፣ ስቱኮው የደፈነውን ምናልባት አያውቁት ይሆናል። በጦርነቱ ጊዜ መርከባችን ከታች ተመትታ ውሃ ሲገባ፣ አዛዣችን ያንን በር በገዛ እጃቸው ዘጉት። ባይዘጉት ሁላችንም ሰጥመን ነበር፤ እኔም በዚያ በር የተረፍኩ ሰው ነኝና አልከሳቸውም። ሳቂታው የምንለው ጓደኛችን ግን ከነባልደረቦቹ ውስጥ ቀረ። እነሱም በሩን ከውስጥ በመፍቻ ደበደቡት። ከውጭ ቆሜ ሰምቻለሁ፤ ድምፁ ቶሎ አላቆመም። ዛሬ ከበሩ አጠገብ የሰቀሉት አዲስ ጽሑፍ ግን "ወዲያውኑ ተሰዉ" ይላል። ለአጻጻፉ ማማር አድናቆቴ ይድረስዎ።

ሦስተኛ፣ የሳቂታው አስከሬን በሰው አገር ወደብ ተቀብሮ ስለቀረ፣ ባለቤቱ የምትሄድበት መቃብር የላትም። በየዓመቱ እየመጣች፣ መፍቻው ያሰረጎደው ብረት ላይ መዳፏን ታሳርፍ ነበር። ዘንድሮም አብሬያት መጣሁ። በለስላሳው ቀለም ላይ እጇን ወዲያ ወዲህ ስታደርግ ቆይታ፣ "ወንድሜ፣ በሩ ተቀየረ እንዴ?" አለችኝ። መልሱን ለእርስዎ ትቼዋለሁ።

በመጪው ሳምንት የሙዚየሙን አዲስ አዳራሽ መርቀው የሚከፍቱት የክብር እንግዳ እኚያው አዛዣችን መሆናቸውንም ሰማሁ። ከስቱኮው ጋር አላገናኘሁትም። ደግሞ የእኔን ነገር አይስሙ፤ ተጠራጣሪ ሰው ነኝ። ከባሕር ከተመለስኩ ወዲህ የመኝታ ቤቴን በር ዘግቼ ተኝቼ አላውቅም። ባለቤቴን ከብርዱ ይልቅ ያስመረራት፣ በተኛሁበት "ማን ዘጋው?" እያልኩ መነሳቴ ነው። ይህንንም የምጽፈው እሷ መቀርቀሪያ እንድገዛ በላከችኝ ሱቅ ባንኮኒ ላይ ነው።

ለበሩ ውበት የደከሙት እጆች ሁሉ እንዳይዝሉ እየተመኘሁ፣

ከበሩ በውጭ በኩል የነበርኩት፣
አክባሪዎ መርከበኛ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ባለሱቁ መቀርቀሪያውን ጠቅልሎልኛል። ባንኮኒው ላይ ትቼው፣ በምትኩ ቀለም የሚፍቅ ብርጭቆ ወረቀት ይዤ መውጣቴ ነው። በመንገዴ ደብዳቤውን ለጋዜጣው አስረክቤ በቀጥታ ወደ እናንተ እመጣለሁ። ውስጥ ሆኜ ስፍቅ፣ በሩን እንዳትዘጉብኝ አደራ።