በሬውን ትተው ጫካውን የለመኑት የአቶ ቬሎንጆሮ ሬፊያ የሕይወት ታሪክ

አቶ ቬሎንጆሮ ከአባታቸው ከአቶ ሬፊያና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሶአናሲ በምዕራብ ማዳጋስካር፣ በሜናቤ፣ አንኪሊሶአ መንደር እ.ኤ.አ. በ1948 ተወለዱ። ቀኑ አልተመዘገበም፤ እናታቸው ግን ባኦባቡ ቅጠሉን ባራገፈ ሰሞን ነው ይሉ ነበር።

በሞሮንዳቫ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ከተማሩ በኋላ በአንድ ጣውላ መሰንጠቂያ ግንድ ለኪ ሆነው ተቀጠሩ። በ1974 ከወይዘሮ ካላሶ ጋር ጋብቻ መሥርተው አምስት ልጆች አፍርተዋል።

በሥራቸው ላይ ሳሉ አንድ ነገር አስተዋሉ፤ ዛፍ በተቆረጠበት ቦታ ችግኝ ይበቅላል፤ ለበቆሎ ተመንጥሮ በተቃጠለበት ግን ከዓመታት በኋላም ከእሾህና ከሣር በቀር የሚመለስ የለም። ስለዚህ ሥራቸውን ለቀው የአላማሲ ደን እንዲከለል መወትወት ጀመሩ። የደኑ ባለይዞታ የጎረቤት መንደር ነበር። ሽማግሌው አቶ ማንጆአዚ «ልጆቻችን ቅጠል ይብሉ?» እያሉ ስብሰባውን ሁሉ በተኑት። በቆሎው ኑሯቸው ነበርና አይፈረድባቸውም።

በ2003 የአቶ ማንጆአዚ ወንድም ዐረፉ። የሁለቱ ሰዎች ጎሳዎች ዚቫ፣ ማለትም የቀልድ ዘመዳሞች ናቸው፤ ዚቫና ዚቫ ይሰዳደባል እንጂ አይቀያየምም፤ በለቅሶ ቤት የለመነውም አይከለከልም። ወጉ በሬ መጠየቅ ነው። አቶ ቬሎንጆሮ አስከሬኑን ተሸክመው ካስቀበሩ በኋላ፣ «በሬህን ያዝ። አላማሲን ስጠኝ፤ እሳት አታግባበት» አሉ።

«አንተ የጉድጓድ አይጥ!» አሉ አቶ ማንጆአዚ። «ሰንጋ ሲሰጡህ ቅጠል ትለምናለህ? በል ውሰድ፤ ጥርስህ ይርገፍ!»

በሮቃው ዛፍ ሥር ተማማሉ። የአቶ ማንጆአዚ መንደር ማሳውን ወደ ወንዙ ዳር አዛወረ፤ እስኪለምድለትም ተራበ። በ2015 መንግሥት ደኑን በሕግ ከለለ። ሁሉም አልዳነም፤ ምዕራባዊው ጠርዝ ተቃጥሏል። አቶ ቬሎንጆሮ ማጋነን ስለማይወዱ ይህም እዚህ ተጽፏል።

አቶ ቬሎንጆሮ ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ኦገስት 9 ቀን 2023 በ75 ዓመታቸው ዐርፈዋል። ባለቤታቸውን፣ አምስት ልጆቻቸውንና አሥራ አራት የልጅ ልጆቻቸውን ትተዋል።

ትናንት አቶ ማንጆአዚ ለቅሶ ሲደርሱ ቤተሰቡ ተጨነቀ። ሕግ ቢኖርም ደኑን ከእሳት የጠበቀው ያ ቃል ነው፤ ቃሌን መልሱልኝ ቢሉ ደግሞ ዚቫ አይከለከልም። እሳቸው ሣጥኑ ላይ ጎንበስ ብለው፣ «ይሄ አይጥ እኔን ዘበኛ አድርጎ እሱ ተኛ! ጫካውን ስጠብቅ ፀሐይ ናላዬን አዞረው፤ የሱን ባርኔጣ አምጡልኝ» አሉ። ተሰጣቸው። አሁንም እንዳደረጉት ከፊታችን ተቀምጠዋል።

ቤተሰቡ እሳቸውንና መንደራቸውን ከልብ ያመሰግናል። ለእኛ ጥላ ያቆዩልንን አባታችንን አምላክ ቅጠሉ በማይረግፍ ዛፍ ሥር ያሳርፍልን። አሜን።