የመከታ ሞት፣ ምዕራፍ ዘጠኝ

ሰኞ፣ ኅዳር 8

...ከዚያ ከአውቶቡሱ መስኮት እጁን አወጣ። ወይስ አላወጣም? ስድስት ዓመት ሆነው። የደብረ ታቦር መናኸሪያ፣ ጭቃ፣ የወንድሜ ሰማያዊ ሻንጣ። «ዘበኝነት ነው እኮ፤ የሰው አገር በር መጠበቅ» ነበር ያለኝ። በልብ ወለዴ ውስጥ እጁን አውጥቷል። አሁን የቱን እንዳየሁ፣ የቱን እንደጻፍኩ መለየት አቅቶኛል።

መጽሐፉ ከወጣ ሦስት ሳምንቱ። በሩቅ ጨረቃ ላይ በደመወዝ ስለሚዋጉ ቅጥረኞች ነው። መጽሐፍ አከራዩ ጌጡ አምስት ቅጂ ወስዷል። ሱቁ በር ላይ በሲባጎ የታሰረ ደብተር አለ፤ አንባቢ መጽሐፉን ሲመልስ አስተያየቱን ይጽፍበታል። ላየው ፈርቼ በሌላ መንገድ ዞርኩ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

አየሁት። እንዲህ ይላል፦

«ጦርነቱ ልብ ያንጠለጥላል። ፍቅር ግን የለበትም።»

«መርከቧ ነዳጅ የምትቀዳው የት ነው? ሹፌር ነኝ።»

«ለገንዘብ የሚዋጋ ሰው ያሳዝነኛል ብዬ አላስብም ነበር። አሳዘነኝ። ተናድጃለሁ።»

«መከታ መሞት አልነበረበትም። ሁለተኛው ክፍል ላይ አስነሳው።»

«አየህ፣ ሰው ሁሉ መከታ መከታ ነው የሚል» አለ ጌጡ። «ምን አድርጎህ ገደልከው?»

«ታሪኩ ወደዚያ ሄደብኝ።»

«ታሪኩ እግር አለው እንዴ? አንተ ነህ የገደልከው!» ብሎ ሳቀ።

መከታ፣ አባባ ወንድሜን የሚጠሩበት የቤት ስም ነው። ሌላ ስም ልተካ ሞክሬ ነበር። ስሙን በለወጥኩ ቁጥር ሰውዬው መናገር ያቆምብኛል። መለስኩት። እኛ መንደር ጋፋት ማን መጽሐፍ ያነባል ብዬ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

እህቴ መሰሉ ከጋፋት ደወለች። ከአባባ ጋር የቀረችው እሷ ናት።

«አባባ አንብቢልኝ ብለው ይዘውኛል። ገብሱ ታጭዶ ካለቀ ወዲህ በየቀኑ አንድ ምዕራፍ።»

«ምን አሉ?»

«'እነዚህ ሰዎች ሲዋጉ ነው የሚውሉት፤ እህል የሚቀምሱት መቼ ነው?' አሉ።»

ሳቅን። ከዚያ የት እንደደረሱ ጠየቅኋት።

«ስምንትን ጨረስን።»

«ዘጠኝን ዝለዪው።»

«ይቆጥራሉ እኮ! ደግሞ ለምን?»

መስመሩ አልተቋረጠም። እኔ ነኝ የዘጋሁት።

ስለ ወንድሜ የማውቀው፦
ድንበር ተሻግሯል።
መጀመሪያ ዱላ፣ በኋላ ጠመንጃ ሰጥተውታል።
ሁለት ዓመት ይደውል ነበር።
ከዚያ አራት ዓመት፣ ምንም።

ይኸው ነው። ሌላውን የሞላሁት እኔ ነኝ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ከሥራ ስወጣ መሰሉ ደወለች፤ እያለቀሰች። ትናንት አመሻሹ ላይ ዘጠኝን አንብባላቸዋለች። አባባ እስከ መጨረሻው አዳመጡ። የመከታ ጓደኞች ሬሳውን ትቢያ ላይ ጥለውት ሲሄዱ፣ ጉልበቱ ላይ ያለው የማጭድ ጠባሳ የሚታይበትን ቦታ ድገሚው አሏት። ደገመችላቸው። ተነስተው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለበሱ። ዛሬ ጎረቤት ለልቅሶ መጥቷል።

«ልብ ወለድ ነው አላልሻቸውም?»

«አልኳቸው። 'አውቆታል፤ በአፉ ሊያረዳኝ ስላልቻለ ጻፈው' አሉኝ።»

እኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም። ልጅም ለአባቱ አይናገርም። ሽማግሌዎች ተጠራርተው፣ በማለዳ ደጅ ላይ ቆመው ነው። ይህን እያወቅሁ ሁለት መቶ ገጽ ሽማግሌ ልኬባቸዋለሁ።

የእጅ ጽሑፌ አስቀያሚ ሆኗል።

ዓርብ፣ ኅዳር 12፣ ሚካኤል

ጋፋት በእግሬ ሄድኩ። አባባ አራት ዓመት ሙሉ በራቸውን ሳይቀረቅሩ ነው የሚያድሩት፤ መከታ ሲመጣ እንዳያንኳኳ። መሰሉ «ጅብ ቢገባስ?» ስትላቸው «ይግባ» ይሏታል። ዛሬም ገፋ ሳደርገው ተከፈተ።

መደቡ ላይ ተቀምጠዋል። መጽሐፉ አጠገባቸው።

«አባባ፣ ፈጠራ ነው እኮ።»

«ስሙን ፈጠርከው?»

«አልፈጠርኩም።»

«ጠባሳውንስ?»

«አልፈጠርኩም።»

«ታዲያ ሞቱን ብቻ ነው የፈጠርከው?»

መልሴን ሳይጠብቁ፣ ነገ ቄሱ እንደሚመጡ ነገሩኝ። ፍትሐት እንዲያደርሱለት ጠይቀዋቸው፣ ቄሱ ሞቱን የሚያውቅ ሰው ይመስክር ብለዋቸዋል።

«አንድ ቃል ነው» አሉኝ። «ከመጽሐፉ ያጥራል።»

«በሕይወት ቢኖርስ?»

«ቢኖር መጥቶ ይስቅብናል። እኔ ግን ደከመኝ፣ ልጄ።»

አባባ ደከመኝ ሲሉ ሰምቼ አላውቅም። በእርሻም፣ በሐዘንም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

ሁለት መልስ አዘጋጅቼ ነበር የሄድኩት። መንገድ ላይ አንዱን ስመርጥ ሌላው እውነት ይመስለኛል። እንደ መከታ ስም ነው፤ ስለውጠው ዝም ይለኛል።

ግቢው ውስጥ ጎረቤት ተቀምጧል። ቄሱ ቀስ ብለው ነው የጠየቁኝ።

«ሞቱን አይተሃል? ወይስ ካየ ሰው ሰምተሃል?»

አባባ አፌን ያዩ ነበር። ዓይኔን አይደለም፣ አፌን።

«አላየሁም» አልኩ። «አልሰማሁም። መሞቱንም መኖሩንም አላውቅም።»

ቄሱ መስቀላቸውን በጨርቅ ጠቀለሉ። «ቀኑን እግዚአብሔር ያውቃል» ብለው ተነሱ። ጎረቤቱም አንድ በአንድ ወጣ። መሰሉ ውኃ ልትቀዳ ሄደች፤ እንስራው ሙሉ እንደነበር አይቻለሁ።

አባባ ቤት ገብተው መጽሐፉን ይዘው ተመለሱ። እጄ ላይ አስቀመጡት። ነጠላቸው እንደተዘቀዘቀ ነው።

«ጥሩ መጽሐፍ ነው» አሉ። «እህል ብቻ ጨምርበት። ርቧቸዋል።»

«እሺ፣ አባባ።»

ሌላ የሚሉኝ መስሎኝ ቆምኩ። ፀሐይዋ ገና ናት፤ ከብቶቹ ከመስክ አልተመለሱም። አባባ ደጁን፣ ከዚያም የከተማውን መንገድ አዩ። ገቡ።

በሩ ተዘጋ። መቀርቀሪያው ሲገባ ሰማሁ።