ልብስ የማይሰጣበት ገመድ

መጋቢት 17

ትናንት ደረስኩ። ቤት ግን አልገባሁም... የሽንኩርት መጋዘን ውስጥ ነኝ። በወረርሽኙ ምክንያት ከከተማ የመጣ ሰው ሁሉ አሥራ አራት ቀን ለብቻው ይቆያል አለች የጤና ባለሙያዋ፣ ከበር ውጭ ቆማ። ከሰው ሁለት እርምጃ መራቅ ይበቃል ብላም ነበር። እማዬ ሁለቱን አሥራ ሁለት አደረገችው። «ሁለት እርምጃማ መተቃቀፍ ነው» አለች።

አልጋዬ በጆንያዎች መሀል ነው። አንድ መስኮት አለኝ። በግራ ቤቱ፣ በቀኝ በረቱ፣ መሀል ላይ የውሃ ጉድጓዱ። ማተሚያ ቤቱ ተዘግቷል፤ የማርመው ገጽ የለኝም። ግቢውን ላንብብ እንግዲህ።

አባዬ ከበረቱ ደጃፍ ጮኸ።

«እስረኛ! ምን ጎደለሽ?»

«ነፃነት!»

«እሱ እዚህም የለም። ላሟን ጠይቂያት።»

ሁለት ዓመት ሳልመጣ ቀረሁ። ለምን? ሥራ። ሥራ ነበር?

አንድ አዲስ ነገር አለ። ከቤቱ በር እስከ በረቱ የተወጠረ ገመድ፣ በደረት ቁመት። ድሮ አልነበረም።

መጋቢት 18

ልብስ ታጠበ። አጥሩ ላይ ተሰጣ። ገመዱ ባዶውን ዋለ።

መጋቢት 19

እማዬ ምሳዬን የተገለበጠ ባልዲ ላይ ታስቀምጥና አሥራ ሁለት እርምጃዋን ቆጥራ ትመለሳለች። ከዚያ ወሬ። ሁለታችንም እንጮሃለን። የጎረቤት ውሻ ሳይቀር የቤታችንን ጉዳይ አውቆ ጨርሷል።

«ገመዱ ምንድን ነው?»

«የልብስ ነው!»

«ልብሱ አጥሩ ላይ አይደል እንዴ?»

«አጥሩም የልብስ ነው! ብዪ፣ ይቀዘቅዛል።»

እህቴ ደወለች። ታላቄ ናት፣ ከተማ ነው የምትኖረው። በየቀኑ ትደውላለች፣ በየቀኑ አንድ ጥያቄ። አባዬ እንዴት ነው? ደከመ? እሱና እማዬ ላሞቹን ለሰው ሰጥተው እሷ ጋ እንዲገቡ ትፈልጋለች። ክፍሉን ካዘጋጀች ሦስት ዓመቷ... አልጋ፣ መጋረጃ፣ ቴሌቪዥን። ክፉ አስባ አይደለም። አባዬ ግን ያን ክፍል «ሣጥኑ» ነው የሚለው።

«ደህና ነው፣ ይቀልዳል» አልኳት።

መጋቢት 21

ቀኑ አልገፋ ሲለኝ አንድ ወረቀት ላይ በትልልቁ ጻፍኩና መስኮቱ ላይ ለጠፍኩት። «የዚህ እስር ቤት ምግብ ጨው ያንሰዋል።»

ሁለቱም ግቢው ውስጥ ቆመው ነበር። እማዬ ሳቀች። ከዚያ ድምጿን ከፍ አድርጋ አነበበችው፣ ቃል በቃል። አባዬ የሳቀው ከዚያ በኋላ ነው።

ለምን አነበበችለት? አጠገቧ ቆሞ አልነበረም?

ሥራዬ ስህተት መልቀም ነው። አመል ሆኖብኛል። ተዪው...

መጋቢት 22

አልተውኩትም።

እማዬ ማሳው ላይ ነበረች። አባዬ ብቻውን በመስኮቱ ፊት ሊያልፍ ሲል አዲስ ወረቀት ለጠፍኩ። «ላሟ አጥሩን ዘላለች።»

«አባዬ፣ አንብበው እስቲ!»

ቆመ። ፊቱን ወደ መስኮቱ አቀና። ከመስኮቱ ትንሽ ወደ ጎን። ፈገግ አለ።

«ጥሩ ነው» አለ። «ጥሩ ነው። ለእናትሽ እነግራታለሁ።»

እጁን ወደ ገመዱ ሰደደ። ከብት እንደሚያባብል ሰው በቀስታ እየዳሰሰው ወደ ቤት ገባ።

ወረቀቱን ቀደድኩት። አባቴን ፈተንኩት... እሱ ወደቀ፣ እኔ አፈርኩ።

መጋቢት 23

ዛሬ ምንም አልጻፍኩም። ይኼ አይቆጠርም።

መጋቢት 24

እማዬን መጠየቅ አለብኝ። እንዴት? በአሥራ ሁለት እርምጃ ላይ ሹክሹክታ አይደርስም። አባዬ ደግሞ ጆሮው የድመት ነው፣ ስልክም ባወራ ይሰማል። የምሳዬ ሳህን ሥር ወረቀት አስቀመጥኩላት። «አባዬ አያይም?»

ማታ ከራቱ ጋር መለሰችልኝ። በእርሳስ፣ ፊደሎቿ ሁሉ ወደ ላይ ያዘነበሉ።

«የግራው ከጠፋ ሁለት ዓመቱ። የቀኙ ጥላ ብቻ ነው የሚያየው። ሐኪም አይመለስም ብሎታል። ገመዱን የወጠረው ራሱ ነው። ለማንም እንዳትነግሪ ብሎ አስምሎኛል። እህትሽ ከሰማች ሣጥኑ ውስጥ ነው። እዚያ ዕውር ይሆናል። እዚህ እኮ ያያል። አንብበሽ ቅደጂው።»

ሁለት ዓመት... ስቀር የጀመረ ነው። እኔ ስለቀረሁ አይደለም። አይደለም።

አልቀደድኩትም።

መጋቢት 25

እህቴ ደወለች። «አባዬ ደህና ነው?»

«ደህና ነው።»

ውሸት ነው? ሲያልብ አየዋለሁ፤ እጁ አይስትም። ጥጃውን በትንፋሹ ይለያል። ግን ደግሞ ጉድጓዱ ከገመዱ ሁለት እርምጃ ነው የሚርቀው። አንድ ቀን ቢስት... ያኔ እህቴ «ታውቂ ነበር?» ብትለኝ?

መጋቢት 27

በተራ በተራው ልጻፈው።

ከሰዓት ነበር። እማዬ ውሃ ልትቀዳ የጉድጓዱን ክዳን አንስታለች። አባዬ በረቱ ውስጥ ያልባል። ወይዘሮ፣ ሁለተኛዋ ላም፣ ስሙ በአረማመዷ ነው የወጣላት፣ አጥሩን ዘለለች። እውነት ዘለለች! በቀጥታ ወደ ሽንኩርቱ ማሳ። እማዬ በድንጋጤ በቅርቧ ያለውን ገመድ ከሁለቱ መንጠቆዎች ነቅላ ተከተለቻት። በቅርቧ የነበረው ያ ገመድ ነበር። ሁለት ዓመት የጠበቀችው።

አባዬ የወተቱን ባልዲ ይዞ ወጣ። ግራ እጁ ወደ ላይ ተነሳ። አየር። ዳበሰ... አየር። ቆመ። አንድ እርምጃ ሄደ። ሌላ። ወደ ጉድጓዱ አዘነበለ።

የመጋዘኑ በር አልተቆለፈም። ሦስት ቀን ግን ቀርቶኛል። ወጥቼ ብይዘውና ታምሜ ብሆንስ? «ጉድጓድ!» ብዬ ብጮህ ደንግጦ ወደየት ይረግጣል? ይኼን ሁሉ ያሰብኩት በአንድ ትንፋሽ ነው።

«አባዬ» አልኩ። የረጋ ድምፅ ነበር፤ ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። «እስቲ ወተቱን አምጣና አሳየኝ። እማዬ አረፋ ብቻ ነው ትላለች።»

ፊቱ ወደ እኔ ዞረ።

«ምቀኛ ናት» አለ። መጣ።

ማውራቴን አላቆምኩም። ስለ ጆንያው፣ ማታ ማታ ስለምትጎበኘኝ አይጥ፣ ጢሙን እያኘከ ስለሚያነበው አለቃዬ... ድምፄ እንዳይላላ ፈራሁ። ከመስኮቱ አራት እርምጃ ሲቀረው «በቃ፣ እዚያው» አልኩት። ባልዲውን መሬት አስቀመጠ። ጠብታ አልፈሰሰም።

ፊቱን ወደ ጉድጓዱ አቅጣጫ መለሰ።

«ክፍት ነበር?» አለ።

«ክፍት ነበር።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅሽው?»

«ከሁለተኛው ወረቀት።»

«እንደው... ምን ይል ነበር?»

«ላሟ አጥሩን ዘላለች።»

ያኔ የእማዬ ድምፅ ከማሳው መጣ። «አንቺ ከይሲ! በዚህ ዕድሜሽ አጥር ዝላይ!»

አዳመጠ። ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ያለቀሰ መሰለኝ... ሳቅ ነበር። እንባው እስኪወርድ ሳቀ።

«አንቺ ሟርተኛ!» አለኝ።

መጋቢት 28

እማዬ ከትናንት ጀምሮ አትናገርም። ገመዱን መልሳ ስትወጥር አባዬ ከኋላዋ ቆሞ ነበር።

«ምን ሆነሻል አንቺ ሴትዮ? ላም ነው የያዝሽበት፣ ሰው አልሰቀልሽበት!»

«ዝም በል» አለችው። ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች። እያየኋት እንደሆነ ስታውቅ ከአሥራ ሁለት እርምጃ ጮኸች። «ሽንኩርቱ ነው!»

በኋላ አባዬ ወደ መስኮቱ መጣ።

«ለእህትሽ ነግረሻታል?»

«አልነገርኳትም።»

«ንገሪያት።»

«አንተ አትነግራትም?»

«እኔ ብነግራት ታለቅሳለች። አንቺ ብትነግሪያት ትጣላሻለች። ጥል ይሻላል፣ ያልፋል።»

«ሣጥኑስ?»

የመስኮቱን እንጨት በጣቱ መታ መታ አደረገ።

«መስኮቱ ላልቷል» አለ። «ክረምት ሳይገባ ሰው ቢያጠብቀው ጥሩ ነበር።»

ሄደ። ይኼ ሰው በሕይወቱ ለምኖ አያውቅም። ይኼ ልመና ነበር?

መጋቢት 29

ማተሚያ ቤቱ ደወለ። ከሰኞ ጀምሮ ኑ ተባለ። የሚታረመውን በመኪና ይልኩልኝ እንደሆነ ጠየቅኩ። አለቃዬ ጢሙን ሲያኝክ ተሰማኝ። «እናስብበት» አለ።

መጋቢት 30

ወጣሁ። የጤና ባለሙያዋ ሙቀቴን ለካችና «ደህና ነሽ» ብላ ሄደች። እማዬ አሥራ ሁለቱን እርምጃ በሦስት ዘለለቻቸው። አባዬ ፊቴን በእጁ ዳሰሰ፤ ግንባሬን፣ ጉንጬን፣ አገጬን።

«ከስተሻል» አለ። «ጨው አሳንሳብሽ ነው።»

ማንም ሳያየኝ ዓይኔን ጨፍኜ ገመዱን ያዝኩ። ከቤቱ ተነሳሁ። ቋጠሮ አለው! በመስኮት አይታይም ነበር። አንድ ቋጠሮ፣ ደረጃው። ሁለት ተደራርበው፣ ጉድጓዱ። ሦስት፣ የበረቱ ደፍ። ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። አንድም ስህተት አላገኘሁበትም። መሀሉ ላይ ግን ረግቧል፤ እማዬ ስታስረው እጇ ልክ አልነበረም።

እህቴ ደወለች። «አባዬ ደህና ነው?»

«አያይም» አልኳት። «ሁለት ዓመቱ።»

ልክ እንደተባለው... ተጣላችኝ። ደብቃችሁኝ! ነገ መኪና እልካለሁ! ቢወድቅስ? ማን ያየዋል?

«እኔ።»

«አንቺማ ማተሚያ ቤቱ እስኪከፈት ነው የመጣሽው!»

«ነበር።»

«እስከ መቼ ነው የምትቆዪው? ንገሪኛ!»

አባዬ ባልዲውን ይዞ ከቤት ሊወጣ ነበር። እጁ ገና ወደ ገመዱ አልተነሳም።

«ቆይ» አልኳት፣ «ገመዱን ላጥብቅና መልሼ እደውልልሻለሁ።»