የሦስት ፊደል አጥር

ይድረስ ለታላቅ እህቴ፣

እታለም፣ እንደምን ሰነበትሽ? ያ የሚነዘንዝሽ ራስ ምታት ተወሽ ወይ? ክረምት ሲገባ ይብስብሽ ስለነበር ሰማዩ በጠቆረ ቁጥር ትዝ ትይኛለሽ። «እኔ ከናፍቆትሽ በስተቀር ደህና ነኝ» ብዬ እንደ ወጉ ልቀጥል ነበር። ግን ደህና አይደለሁም፤ ናፍቆቱም ከንዴቱ ጋር ተጣብቆ አልላቀቅ ብሎኛል። ስለዚህ ወጉን እዚህ ላይ ልተወው።

የተከራየሁት ክፍል ከአንድ ልብስ ሰፊ ቤት ጀርባ ነው። የስፌት መኪናው ሲነሳ ግድግዳው ይንቀጠቀጣል፤ ብርጭቆዬ ጠረጴዛው ላይ ይሄዳል። ቀን ቀን ፎቶ ኮፒ ቤት ቁጭ ብዬ የሰው ማመልከቻ እጽፋለሁ። ባለቤቲቱ «አንቺ ልጅ፣ ይሄን ሁሉ ትምህርት ተሸክመሽ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?» ብትለኝ «ቃላት ሰለቹኝ» አልኳት። «እንግዲያማ ጥሩ ቦታ መጥተሻል፤ ማመልከቻ ውስጥ ቃል የሚባል ነገር የለም፣ ‹በትሕትና እጠይቃለሁ› ብቻ ነው» ብላ ሳቀች። ደግ ሴት ናት። ስለ አንቺ ግን አልነገርኳትም።

ብዕር ያስነሳኝ የሚጡ ነገር ነው። የቀድሞ ቢሮዬ፣ የመዝገበ ቃላት ክፍሉ፣ ታይፒስት መንገድ ላይ አግኝታኝ፣ ትንሿ እህታችን ትምህርቷን እናንተ ዘንድ ሆና ልትቀጥል እንደሆነ ነገረችኝ። እናንተ ቤት የነበርኩበት ክፍል ቀለም ተቀብቷል አሉ። አዲስ ምንጣፍም ተነጥፏል። ይህን ስሰማ አጥር ተደግፌ ቆምኩ። ታይፒስቷ «ምነው፣ ቀለሙን አልወደድሽውም?» አለችኝ። እሷ ምን ታድርግ፣ አታውቅ።

የዚያን ሐሙስ ነገር የሰማሽው ከባለቤትሽ አፍ ብቻ ነው። ዛሬ ከእኔም ስሚው።

ባለቤትሽ የሚመራው መዝገበ ቃላት ክፍል እንዴት እንደሚሠራ ጠይቀሽኝ አታውቂም። ለእያንዳንዳችን አንድ የዐረብኛ ሥርወ ቃል ይሰጠናል። ከሥሩ የበቀሉትን ቃላት ለቅመን በአማርኛ እንፈታለን፤ ለየፍቺው ምሳሌ የሚሆን ዓረፍተ ነገርም እንጽፋለን። ከሌላ መዝገበ ቃላት መቅዳት አይፈቀድም። «ምሳሌ ከኑሮ ነው የሚቀዳው» ይላል ባለቤትሽ፤ ሕጉን ያወጣው ራሱ ነው። ሐሙስ ከምሳ በኋላ ረጅሙን ጠረጴዛ ከብበን፣ የጻፍነውን ጮክ ብለን እያነበብን እንተራረማለን። (እዚህ ላይ «እሳቸው» እንድል እንደምትፈልጊ አውቃለሁ። አቃተኝ፣ እታለም።)

ለእኔ የደረሰኝ ሐ-ረ-መ ነበር። «ከባድ ነው፤ ካንቺ በቀር የሚችለው የለም» ብሎ በእጁ ሰጠኝ። አንቺ እማዬን ልታስታምሚ ሄደሽ ከተመለስሽ በኋላ ነው ይሄ።

እነዚህ ሦስት ፊደላት ብዙ ነገር ወልደዋል። ሐራም፣ የተከለከለው ነው፤ ይህን ሁሉም ያውቀዋል። ሐረም ደግሞ ማንም ደም የማያፈስበት፣ የገባ ሁሉ የሚጠበቅበት ቅዱስ ስፍራ ነው። ሐሪም የሴቶች ክፍል ነው። የሰው ሚስት ሑርማ ትባላለች፤ ክብርም ሑርማ ነው። ለባለቤትሽ የሚመጣ ፖስታ ሁሉ ላይ የሚጻፈው ሙሕተረም፣ «የተከበሩ» ማለት፣ የዚሁ ቤት ልጅ ነው። ሌባው ሐራሚም እንዲሁ። መሕሩም የተነፈገ፣ የቀረበት ሰው ነው። እኛም ዘንድ በግዕዝ በኩል የመጣ ዘመድ አላቸው፤ እማዬ «ከእንግዲህ ድምጿን መስማት እርም ነው» ያለችብኝ ያ እርም።

ስሠራው ስሠራው ሁሉም አንድ አጥር መሰሉኝ። ከውስጥ ሆኖ ለሚያየው መጠለያ ነው፤ ውጭ ለቀረው ክልከላ። አጥሩን ያጠረው ሰው ግን በሩ የት እንዳለ ስለሚያውቅ፣ ለእሱ ምንም አይደለም። ይህን ጽፌ ሰረዝኩት፤ ፍቺ አይደለማ።

ምሳሌዎቹን ግን አልሰረዝኩም። ከኑሮ ቀዳኋቸው።

ተራዬ ሲደርስ ቆሜ አነበብኩ። ለሐሪም፦ «የቤቱ ጌታ፣ ሚስቱ መንገድ በሄደች ሳምንት፣ የሴቶቹን ክፍል መቀርቀሪያ ነቀለ።» ለሙሕተረም፦ «የተከበሩት ሰው በሩን ሳያንኳኩ ገቡ።» ለሐራሚ፦ «ሌባው የገባው በገዛ ቤቱ ነው፤ ማን ሌባ ይበለው?» ቀጥሎ መሕረም ነበር፤ ለአንዲት ሴት መቼም ሊያገባት የማይችል፣ ስለዚህም ጠባቂዋ የሚሆን ዘመድ ማለት ነው። አባት፣ ወንድም፣ አጎት። ምሳሌዬ፦ «የእህቷ ባል ግን መሕረሟ አይደለም፤ የሚከለክለው የእህቷ በዚያ ቤት መኖር ብቻ ነው።»

ታይፒስቷ ቀና አላለችም። እነዚያ ሁሉ የተማሩ ሰዎች፣ አንድ ቃል ለመፍታት ከሰዓት በኋላውን ሙሉ የሚከራከሩ ሰዎች፣ ወረቀታቸው ላይ አቀረቀሩ። በመጨረሻ አንጋፋው አዘጋጅ ጉሮሮውን ጠራርጎ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ልጄ፣ መቀርቀሪያው በምስማር ነው የተመታው ወይስ በብሎን? በብሎን ከሆነ ‹ነቀለ› አያስኬድም።» ሌላው «የለም፣ ተነቀለም ይባላል» አለ። ተከራከሩ እኮ፣ እታለም! ሰማይ የደፋብኝን ሰውዬ ፊት ለፊት አስቀምጠውት በግስ ተከራከሩ። ያን ጊዜ ባለቤትሽ፣ ቀና ሳይል፣ እርሳሱን እየቀረጸ «በብሎን ነው፤ ‹ፈታ› በሉት» አለ።

በብሎን እንደሆነ ማንም አልነገረውም ነበር። ሁሉም ሰሙ። ሁሉም «ፈታ» ብለው አረሙና ወደሚቀጥለው ሥር አለፉ።

ማታ እኔ ቤት ሳልደርስ ወሬው ቀድሞኝ ነበር። ልብሴን በማዳበሪያ አጭቀሽ ደጃፉ ላይ አቁመሽው አገኘሁ። «እንደ አባት ቢያይሽ ተመኘሽው፣ እምቢ ቢልሽ ስሙን አጠፋሽ፤ ትዳሬን በመጽሐፍ ልታፈርሺ!» አልሽኝ። ቃሉ የእሱ ነበር፤ ድምፁ ብቻ ያንቺ። ፊትሽን ሳይሆን እጅሽን ነበር የማየው፤ የማዳበሪያውን አፍ በገመድ ደጋግመሽ ታስሪው ነበር፣ ከታሰረ በኋላም።

ለሚጡ ደውዬላታለሁ። «እታለም ዘንድ አትሂጂ፣ እኔ ጋ ነይ» አልኳት። «አንቺ ጋ? አንድ አልጋ ላይ ተጣጥፈን? እማዬ እውነቷን ነው፣ ቅናት ነው ያበላሸሽ» ብላ ዘጋችብኝ። ልጅ ናት፣ አልቀየምኳትም። እማዬ ስልኬን አታነሳም። የቢሮ ጓደኞቼ መንገድ ይቀይሩብኛል። ክስ ልመሥርት ብዬ ያማከርኩት ጠበቃም «ምስክር አለሽ?» አለኝ። አንድ ጠረጴዛ ሙሉ ምስክር ነበረኝ፤ «ፈታ» ብለው ያረሙ።

ስለዚህ ይህን የምጽፍልሽ ትሰሚኛለሽ ብዬ አይደለም። ደብዳቤውን አንብበሽ እንደማትጨርሺው፣ ብትጨርሺውም እሱ ሳይመጣ እንደምታቃጥዪው አውቃለሁ። ሚጡ በምትመጣበት ቀን አውቶቡስ ተራ ሄጄ እቆማለሁ። አይታኝ እንዳላየች ታልፈኛለች፤ አንቺም ክንዷን ይዘሽ ፈጠን ትያለሽ። ይሁን። ቆሜ ትየኝ፤ የሆነ ቀን ወዴት መሮጥ እንዳለባት ትወቅ።

ይቅርታ ግን አልጠይቅም። እማዬ በሰው «ይቅርታ ትጠይቅና ነገሩ ይረሳ» ብላብኛለች። መረሳቱን እነሱ ይሞክሩት።

ለመሕሩም፣ ለተነፈገው ሰው፣ ምሳሌ አልጻፍኩም ነበር። ሐሙስ ዕለት ባዶ ቦታ ትቼ ነው ያነበብኩት። አንቺን መጻፍ ከበደኝ።

አንድ ነገር ብቻ። እዚያ ቤት የመጣሁ ሰሞን አናጺ ጠርተሽ የክፍሌ በር ላይ፣ ከውስጥ በኩል፣ መቀርቀሪያ ያስገጠምሽልኝ ትዝ ይልሻል? «ነፋሱ በሩን እየበረገደ እንዳያስቸግርሽ» አልሽኝ። አመሰገንኩሽ፤ ስታስቢልኝ ደስ አለኝ። ከእማዬ ዘንድ ስትመለሺ ደግሞ በሩ ላይ የቀሩትን የብሎን ቀዳዳዎች በጣትሽ ዳሰስሻቸው። ምን ነካው ብለሽ አልጠየቅሽኝም። ወደ ጓዳ ገብተሽ ውኃ ከፈትሽ፤ ብዙ ሲፈስ ቆየ። ክፍሉ የሚከፈተው ወደ ኮሪደሩ ነው። ኮሪደሩ ደግሞ ነፋስ የሚያስገባ መስኮት የለውም። ይሄ ትዝ ያለኝ አሁን፣ እዚህ ከተቀመጥኩ በኋላ ነው።

ታይፒስቷ እንደነገረችኝ ለሚጡ በር ከበፊቱ የሚበልጥ መቀርቀሪያ ገዝተሻል።

ከራስ ምታትሽ ይማርሽ። እንቅልፍ ይስጥሽ። «ቤትሽን ይባርክ» ልል ነበር፣ ብዕሬ እምቢ አለኝ፤ አንቺን ይጠብቅሽ፣ ትንሿንም ይጠብቃት።

መቀርቀሪያውን ስታሳያት ግን፣ እባክሽ እታለም፣ ለነፋስ ነው አትበያት።

ተከታይሽ