«ትንሽ ይባስባት» ስለተባለው የልጄ ዓይን

ኅዳር 18 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ መርሳ

ለተከበሩ አቶ ንጉሴ፣
የ«ዓይን ለወጣቶች» የሕክምና ድጋፍ ማኅበር የወልድያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና ለክብ ማኅተምዎ ጤና እመኛለሁ። ማኅተሙን ለይቼ ማንሳቴ ነሐሴ ላይ ለሁለት ሳምንት ተሰብሯል ተብዬ ስለተመለስኩ ነው፤ አሁን ድኖ እንደሚሆን ተስፋ አደርጋለሁ።

እኔ ወንዳወቅ ሙላት እባላለሁ፤ ሲሪንቃ አካባቢ በማሽላ የሙከራ ማሳ ላይ የአገዳ ቁመት እየለካሁ በመመዝገብ የምተዳደር የመርሳ ነዋሪ ነኝ። ልጄ ሜላት አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ናት። የሁለቱም ዓይኖቿ ብሌን እየሳሳ ወደ ፊት ሾሏል፤ ሐኪሞች ኬራቶኮነስ ይሉታል። መነጽር አልረዳትም፤ አንዱ ፊደል ሦስት ሆኖ ይታያታል። መንገድ ላይ ዘመድ ሳትለይ ስለምታልፍ መርሳ ውስጥ ኮርታለች ተብላ ትታማለች፤ አክስቷ ዘነበች እንኳ ሁለት ወር ሙሉ አኩርፋት ነበር። አሁን ወደ ምስጋናዬ እገባለሁ።

፩. ልጄን ከሰኔ ጀምሮ የብሌን ንቅለ ተከላ ተጠባባቂ አድርገው ስለመዘገቡልን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ከዚያ ወዲህ አንድ ደግ ሰው ሞቶ ብሌኑን እስኪለግሰን እየጠበቅን ነው። የማንንም ሞት ስለማንመኝ ግን ምን ብለን እንደምንጸልይ ግራ ገብቶናል።

፪. በመስከረም ከአዲስ አበባ የመጡት የዓይን ሐኪም ዶክተር ሜሮን ልጄን መርምረው ንቅለ ተከላ ገና አያስፈልጋትም አሉ። በዚህ ዕድሜ የተተከለ ብሌን ሰውነት ሊገፋው፣ ከዓመታት በኋላም እንደገና መተካት ሊያስፈልገው ስለሚችል፣ መጀመሪያ መሳሳቱን በጠብታና በልዩ ብርሃን ማስቆም፣ ቀጥሎም የሾለውን ሳይነካ የዓይኗን ነጭ ክፍል ተደግፎ የሚቀመጥ ጠንካራ ሌንስ ማድረግ እንደሚሻል አስረዱኝ። ጽሕፈት ቤትዎ ግን በቅጹ ላይ ያሉት ሳጥኖች «መነጽር» እና «ንቅለ ተከላ» ብቻ መሆናቸውን፣ ሌንስ ደግሞ ሙሽሮች ዓይናቸውን አረንጓዴ ለማስመሰል የሚያደርጉት መዋቢያ መሆኑን በደብዳቤ ገለጸልኝ። ልጄ ያለ ዕድሜዋ እንዳታምርብን ስለተጨነቁልን እናመሰግናለን።

፫. ስለ ብርሃኑ ሕክምና ስጠይቅ ደግሞ፣ የግራ ዓይኗ አሁንም በመጠኑ ስለሚያይ ለድጋፍ እንደማትበቃ፣ ትንሽ ይባስባትና እንድንመለስ ተመከርን። አገዳ ቆርቁሩ ማሽላውን ሳይጨርስ መድኃኒት ስረጭ የኖርኩት ሰው ምን ያህል ስሳሳት እንደነበር የገባኝ ያን ዕለት ነው። ቤቴ ገብቼ መባሱን መጠበቅ ጀመርኩ። ዓይኗም አላሳፈረንም፤ በጥቅምቱ ምርመራ ብሶ ተገኘ። ማስረጃውን ይዤ ስመጣ አሁን እጅግ ስለባሰ ከንቅለ ተከላ በቀር አይመለከታትም ተባልኩ። በሁለቱ መካከል አንዲት ትክክለኛ ቀን አልፋናለች ማለት ነው፤ የትኛዋ እንደነበረች ቢነግሩኝ መዝግቤ አስቀምጣት ነበር።

፬. አራተኛውን ትቼዋለሁ። እውነቱን ለመናገር ተናድጃለሁ፤ ከንዴቴ ይልቅ ደግሞ ፍርሃቴ ይበልጣል። ውጤቱን በስልክ የላክሁላቸው ዶክተር ሜሮን ሌንሱ አሁንም እንደሚሠራላት፣ የግራው ብሌን ግን ከዚህ በላይ ከሳሳ የብርሃኑን ሕክምና ሊቋቋም እንደማይችል ነግረውኛል። ታኅሣሥ 3 ቀን ወልድያ ይመጣሉ። ከእርስዎ የሚፈለገው ለብርሃኑና ለሌንሱ በሚጻፈው የድጋፍ ደብዳቤ ላይ አንድ ፊርማ ብቻ ነው። ሳጥን ከጠፋ እኔው በማስመሪያዬ አሥምሬ አመጣለሁ።

ቅጽዎ ሦስተኛ ሳጥን እስኪያበቅል ድረስ በደጅዎ ቆሜ፣ ለመባስ ስላገኘነው ሰፊ ጊዜ ውለታዎን ሳልዘነጋ፣ በታላቅ ትሕትና እጅ የምነሳ፣

ወንዳወቅ ሙላት
የተጠባባቂዋ አባት

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ በመስከረም ዶክተሯ በግቢዎ አዳራሽ ውስጥ ለልጄ የሙከራ ሌንስ አድርገውላት አንድ ሰዓት እንድትዘዋወር ፈቅደውላት ነበር። መጀመሪያ እኔን አይታ መሸበቴን ነገረችኝ። ቀጥላ ከግቢው ማዶ ሆና በበርዎ ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ አነበበች፦ «ማንኛውም ባለጉዳይ በሦስት የሥራ ቀናት ውስጥ ውሳኔ ያገኛል»። ከሰኔ ጀምሮ ሥሩ ስትቆም አይታው ስለማታውቅ፣ ዛሬ የተለጠፈ መስሏት ጠየቀችኝ። እኔም፣ አትዋሺ እያልኩ ያሳደግኋት አባቷ፣ አዎ፣ ዛሬ ጠዋት ነው አልኳት። ታኅሣሥ 3 ያንኑ ሌንስ ደግመው ያደርጉላታልና መልሳ ታነበዋለች። እባክዎ እስከዚያ ወይ ይፈርሙልን፣ ወይ ማስታወቂያውን ያንሱልኝ፤ ለሁለተኛ ጊዜ የምነግራት ውሸት አላዘጋጀሁም።