የአባባ መኪና ቋንቋ

ለምወድህ ታላቅ ወንድሜ ለዳግማዊ፣ ሰላምታዬ ከነናፍቆቴ ጓንግዡ ድረስ ይድረስህ። እኛ ሀዋሳዎቹ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። በስልክ ስናወራ አባባ ከጎኔ ስለማይጠፉ ነው መጻፌ።

የላክህልን የኤሌክትሪክ መኪና ስክሪን ቻይንኛ ብቻ ስለነበር፣ አባባ «አላነበውም» እያሉ ሲያማርሩ ጋራዥ ወስደን ሶፍትዌሩን ወደ እንግሊዝኛ አስለወጥን። ባለፈው ሳምንት ታዲያ መናኸሪያ አጠገብ የቆመ ባጃጅ ገጩ። ሰው አልተጎዳም፣ ተመስገን። እሳቸው ግን «ዘሎ ገባብኝ» ይላሉ።

እኔን ያስጨነቀኝ ኢንሹራንሱ ነበር። የመኪናውን ሶፍትዌር ቀይሮ ያላሳወቀ ሰው ካሳ ሊከለከል ይችላል ሲባል ሰምቼአለሁ። ኢንሹራንስ ቢሮው ሄጄ ብጠይቅ ሠራተኛዋ ሳቀች። «አባትሽማ ሶፍትዌሩ በተለወጠ ማግስት መጥተው አስመዝግበዋል!» አለችኝ። አባባን ታውቃቸው የለ፤ ክፍላቸው ውስጥ ሳያስፈቅድ ወንበር የሚቀይር ተማሪ እንኳ አልነበረም። እፎይ! ባጃጁም መኪናውም ተጠግነዋል።

ለጊዜው የምነዳው እኔ ነኝ። ትናንት ወደ አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ስንሄድ የዓሣው ሽታ ገና ሲመጣ «ደረስን» አሉ። ከዚያ ስክሪኑ ላይ አፍጥጠው ቆዩና፣ ዕድሜ ልካቸውን እንግሊዝኛ ያስተማሩት አባታችን፣ «ይሄ ጋራዥ አታሎናል፤ አሁንም ቻይንኛ ነው» አሉኝ።

በል ወንድምዓለም፣ ጤናህን ጠብቅ፤ ለፋሲካ እንዳትቀርብን። ለአባባ መልእክት ስትልክ ደግሞ ጽሑፉ ይቅርና ድምፅህን ቀድተህ ላክላቸው።

የምትወድህ እህትህ ሰብለ