በግ የበላው አንደኛ ደረጃ

ይድረስ ለክቡር አስሮር ቱርሱኖቪች
የኮክቴፓ የቅባት እህሎች ዝርያ መፈተኛ ጣቢያ ዳይሬክተር

ክቡርነትዎ እንደምን ከርመዋል? ጤናዎ፣ ወገብዎ፣ የቢሮዎ ማሞቂያ፣ ሁሉም ደኅና ናቸው? እኛ የቆራቡሎቅ ነዋሪዎች እርስዎ ሩቅ ሆነው ስለሚያስቡልን ደኅና ነን። በረዶው ከጓሮ ለቋል፣ መሬቱ ጭቃ ሆኗል፣ ለመዝራት የቀረን ሦስት ሳምንት ብቻ ነው። ውድ ጊዜዎን በዚህ ደብዳቤ ለመሻማት የደፈርኩትም ስለዚሁ ነው።

ምናልባት ካላስታወሱኝ፣ ኦይሱሉቭ ቤክሙሮዶቫ እባላለሁ። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ከተራራው ሥር ያለውን ዝናብ ጠባቂ መሬት የማርሰው እኔ ነኝ። ከዚያ በፊት ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የጋራ እርሻችንን፣ የኮልሆዙን፣ ስልክ ሳገናኝ ስለኖርኩ የአለቃ ድምፅ አይጠፋኝም፤ አንድ አለቃ «እናየዋለን» ሲል የምሩን ይሁን ወይስ ለመሸኘት ብሎ ከትንፋሹ እለያለሁ። አምና ጣቢያዎ ሰባት ዓይነት ሱፍ በሰባት መደብ ዘርቶ የፈተነው በእኔ ማሳ ላይ ነበር። ለአገር ምግብ የሚሆነው ዘይትና ለአዲሱ ፋብሪካ ነዳጅ የሚሆነው ዘይት ከየትኛው ዝርያ እንደሚገኝ ይለይ ተብሎ ነው። ከስንዴ ጋር እያፈራረቅን የምንዘራው እኛው ስለሆንን ነገሩ ከልብ ደስ ብሎን ነበር። ስለዚህ ይህ ደብዳቤ በአብዛኛው የምስጋና ነው፤ ምስጋናዎቼንም ለመዝገብ እንዲመችዎ ቁጥር ሰጥቻቸዋለሁ።

1. ለላኩልን ሰው አመሰግናለሁ። ዙልሁሞር የምትባለው የጣቢያዎ ባለሙያ በመጋቢት መጀመሪያ ከአውቶቡስ ወርዳ፣ አራት ኪሎ ሜትር በጭቃ ተጉዛ፣ ሚዛኗን በፎጣ ጠቅልላ ደጄ ደረሰች። በየሳምንቱ ስትመላለስ አይቼ አላስችል ስላለኝ ከግንቦት ጀምሮ ከእኔ ጋር አኖርኳት። በገመድ ትለካለች፣ ተንበርክካ ቅርንጫፍ ትቆጥራለች፣ አንዱን ነገር ሦስት ጊዜ ትመዝናለች። አንድ ቀን ድካሟ አሳዝኖኝ «ልጄ፣ ሰባት ነጥብ ስምንትን ስምንት ብትዪው ማን ይከስሻል?» አልኳት። ቀና ብላ አይታኝ፣ እንደ ታላቅ እህት እየጠራችኝ «ኦፓ፣ እኔ ዛሬ ነጥብ ሁለት ከጨመርኩ ነገ አለቃዬ ሁለት ኩንታል ጨምሪ ይለኛል» አለችኝ። ያኔ እንዴት ያለች ተጠራጣሪ ልጅ ናት ብዬ ነበር። ይቅርታ ጠይቄያታለሁ።

2. በሰኔ ወር ሱፉ አብቦ ማሳው ብርቱካንማ በሆነ ጊዜ አሥራ አንድ የኮሚሽን እንግዶች አስከትለው ስለጎበኙን አመሰግናለሁ። ያን ቀን የነዳጅ ፋብሪካውን ሊተክሉ የመጡት እንግዳ ነጭ ሙሉ ልብስ ለብሰው ነበር። እንደሚያስታውሱት ከሰባቱ ዝርያዎች ስድስቱ እሾሃም ናቸው። እንግዳው ከሁለተኛው መደብ ሦስት እርምጃ እንደገቡ ሱሪያቸው ተያዘ፣ ሲጎትቱት ተተረተረ። «ይሄ ምንድን ነው? እህል ነው ወይስ አጥር?» ብለው ጮኹ።

እርስዎም በፍጥነት «የድሮ ዝርያ ነው ጌታዬ፣ ይወገዳል» ብለው እጃቸውን ይዘው ወደ አራተኛው መደብ ወሰዷቸው። አራተኛው እሾህ የለውም፤ ለስላሳ ነው፣ መሐሉ ገብተው ቢተኙበትም አይወጋም። ሁሉም ገቡበት፣ አበባ ቀጥፈው አቀፉ፣ ፎቶ ተነሡ። እርስዎም እጅዎን ዘርግተው «ይኸው አንደኛችን!» አሉ። ዙልሁሞር ቀስ ብላ «አለቃዬ፣ ገና አበባ ላይ ነው እኮ፣ ፍሬ አልያዘም» ስትል «አንቺ ዝም ብለሽ ጻፊ» ብለው አዘዟት። ታዛዥ ልጅ ናትና ጻፈች። በማስታወሻዋ ላይ እንዲህ ይላል፦ «አራተኛው መደብ በአበባ ደረጃ ላይ ሳለ፣ ከመታጨዱ ሁለት ወር አስቀድሞ፣ በኮሚሽኑ አንደኛ ተባለ።»

3. ሦስተኛው ምስጋናዬ ለእርስዎ ሳይሆን ለሦስት መቶ በጎች ነው፤ ቢሆንም በእርስዎ በኩል ይድረሳቸው።

ኮሚሽኑ በሄደ በአሥራ ሁለተኛው ቀን መንደሩ «ኦታ»፣ አባት፣ የሚላቸው ኖርቆቢል በጎቻቸውን እየነዱ ወደ ተራራው ግጦሽ ይወጡ ነበር። ሽማግሌው እረኛ በዚያ መንገድ ሲያልፉ የኖሩት ከኮልሆዙ ዘመን ጀምሮ ነው፤ አባታቸውም አልፈውበታል። ማሳዎቻችን አጥር የላቸውም፣ ለማጠርም እንጨት የለንም፤ ሱፋችንን እስከዛሬ የጠበቀልን የራሱ እሾህ ነው። እኔ መንደር ወርጄ ነበር። ስመለስ ዙልሁሞር ባርኔጣዋን እያውለበለበች ትሮጣለች፣ ውሻው ይጮኻል፣ ኦታም በዱላቸው አየሩን ይደበድባሉ። በጎቹ አንደኛውን መደብ አሸተቱና አፍንጫቸውን አራግፈው ዞሩ። ሁለተኛውንም፣ ሦስተኛውንም እንዲሁ። አራተኛው ላይ ሲደርሱ ግን ቤታቸው እንደገቡ ሆኑ። አንድ ማንቆርቆሪያ ሻይ ተቀድቶ እስኪያልቅ በሚፈጀው ጊዜ ውስጥ አንደኛ የወጣው ዝርያ ከነአገዳው አለቀ።

ኖርቆቢል ኦታ ኮፍያቸውን አውልቀው መጡ። «ኦይሱሉቭ እህቴ፣ የፈለግሽውን ፍረጂብኝ። ግን እስቲ አንቺው ንገሪኝ፣ ሰባት ሳህን ቀርቦላቸው አንዱን ብቻ የጨረሱ እንግዶችን ምን ብዬ ልቆጣ?»

ዙልሁሞር መሬት ላይ ተቀምጣ ሳቀች። ቀጥላም አለቀሰች፤ የአራት ወር ቆጠራዋ ነበርና። ከዚያ አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠርጋ ብዕሯን አወጣችና «መደብ አራት፦ ምርት ዜሮ። ምክንያት፦ በግ» ብላ ጻፈች። ኦታ አጎንብሰው አነበቡና «በጎቹ የማን እንደሆኑም ጻፊ፣ እውነት ነው፣ አልክድም» አሏት። ስማቸውን ጨመረችበት።

4. ለሒሳብ ችሎታዎ ያለኝ አድናቆት ወሰን የለውም። በነሐሴ አጭደን፣ ወቅተን፣ በመንደሩ መጭመቂያ ስድስቱንም ለየብቻ ጨመቅን። ሁለተኛው መደብ፣ ያ ሱሪ የቀደደው፣ በሄክታር ዘጠኝ ነጥብ አራት ኩንታል ሰጠ፤ ዘይቱም ከሁሉም በለጠ። በዘይቱ ለአጫጆቹ የሩዝ ኦሽ ሠራሁ፤ ሩዙ ፍንትው አለ፣ ከድስቱ የተረፈ አልነበረም። በታኅሣሥ የወጣው የታተመ ሪፖርትዎ ግን ሁለተኛውን መደብ አምስተኛ አድርጎ፣ አራተኛውን ደግሞ «የሚጠበቅ ምርት፦ በሄክታር አሥራ ስድስት ኩንታል» ብሎ አንደኛ አድርጎታል። ከሰባቱ ከፍተኛውን ምርት ያስመዘገበው ማንም ያላጨደው ሰብል መሆኑን ሳነብ መነጽሬን ወለወልኩ። እንዲህ ያለ ምርት ከማሳ አይገኝም፤ ከጠረጴዛ ብቻ ነው የሚታጨደው።

ከሪፖርቱ ጋር ትእዛዝም መጣ። የእኛና የሁለቱ ጎረቤት መንደሮች አራት መቶ ሄክታር በዚህ ዓመት በእሾህ አልባው ዝርያ ብቻ ይሸፈናል፤ ምርቱ ለፋብሪካው ይቀርባል፤ የውሉን መጠን ያላስገባ ገበሬ መሬቱን ይለቃል። መንጋዎቹ መንገዳቸውን እንደማይለውጡ እናውቃለን። በእኛ መንደር ብቻ አርባ አንድ ቤተሰብ መሬቱን ሊያጣ ነው፤ ስለ ምግብ ዘይታችንማ የጠየቀንም የለም።

5. በጥር ቢሮዎ ድረስ መጥቼ በክብር ስለተቀበሉኝ፣ ማለትም ከሦስት ሰዓት ጥበቃ በኋላ በር ላይ ቆመው ስላነጋገሩኝ፣ አመሰግናለሁ። ስለ በጎቹ ሳነሣብዎ «ኦፓ፣ ሳይንስ በጎችን አይመለከትም። የበግ ጉዳይ የእንስሳት ክፍል ነው» አሉኝ።

«በጎቹ ግን ሳይንሱን ተመልክተውት ነበር» አልኩዎ።

«እናየዋለን» አሉ። ከላይ እንደገለጽኩት፣ ይህን ቃል ከትንፋሹ እለያለሁ።

ስወጣ ዘበኛዎን ዙልሁሞር የት እንዳለች ጠየቅሁት። ሪፖርቱ ላይ አልፈርምም በማለቷ ወደ ባዶ ጆንያ መጋዘን እንደተዛወረች የሰማሁት ከእሱ ነው። በግቢው ጀርባ ዞሬ ገባሁ። ካፖርት ለብሳ፣ ጣቶቿ ቀልተው፣ ጆንያ በአሥር በአሥር እያሰረች ትቆጥር ነበር። እንዳየችኝ መጀመሪያ የጠየቀችኝ በመሬቱ ላይ በረዶ በደንብ መጣል አለመጣሉን ነው። ዝናብ ጠባቂ መሬት በክረምት በረዶ እንደሚጠግብ ታውቃለቻ።

ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ ቀልዴን ትንሽ ላቁም። እኔ በዚያ መጋዘን ውስጥ ያቺን ልጅ «ፈርሚላቸውና ተመለሺ» አልኳት። «ወጣት ነሽ፣ ዕድሜሽን ጆንያ ስትቆጥሪ አትጨርሺ። ለአንድ እፍኝ ሱፍ ብለሽ እንጀራሽን አትጪ» አልኳት። ካቋረጠችው ቁጥር ላይ ጣቷን ሳታነሣ «ኦፓ፣ እኔ ብፈርም እኮ መሬቱን የሚያጡት እርስዎ ነዎት» አለችኝ።

በአውቶቡስ ስመለስ ሙሉውን መንገድ በመስኮቱ በኩል ሳፈጥ መጣሁ፤ ምን እንዳየሁ አላውቅም። ያቺ ልጅ ስለ እኔ ስታስብ እኔ ፈሪ ሆኜ ተገኘሁ። ቤት እንደገባሁ ካፖርቴን እንኳ ሳላወልቅ መሳቢያውን ከፈትኩ። እርስዎ የወሰዱት የጠራውን ግልባጭ ነው፤ በማሳ ላይ የተጻፈው፣ ጭቃና የበግ ፋንድያ የነካው ዋናው ማስታወሻ ደብተር እኔ ዘንድ ቀርቶ ነበር። ስትሄድ «ለጣቢያው የሚሆነው የጠራው ነው፣ ይሄ ለእሳት ማቀጣጠያ ይሁንዎ» ብላኝ ነበር፤ እኔ ግን ጽሕፈቷን አይቼ ማቃጠል አላስቻለኝም።

በማግሥቱ ቤት ለቤት ዞርኩ። ገና ሳልናገር የፈረመ አለ፤ ሁለት ሰዓት ያከራከረኝም አለ። አንዱ ጎረቤቴ «እነሱን ተናግሮ ማን መሬቱ ላይ ቆየ?» ብሎ በሩን ዘጋብኝ፤ ማታውኑ ግን ሚስቱ ጎትታ አምጥታው ፈረመ። ኖርቆቢል ኦታ መጻፍ ስለማይሆንላቸው አውራ ጣታቸውን አተሙ። አርባ አንዱም ቤት ሲሞላ ደብተሩን ከፊርማው ጋር አድርጌ ለክልሉ የዘር ምክር ቤት በእጄ አስረከብኩ፤ ማኅተም ያረፈበት መቀበያም አለኝ። ይህን ከሌላ ሰው እንዳይሰሙት ብዬ ነው በግልጽ የምነግርዎ፤ ከጀርባዎ መሥራት ነውር ነውና።

ከክቡርነትዎ የምንለምነው ብዙ አይደለም። ትእዛዙ ይነሣ፤ ያደገልንን እንድንዘራ ይፈቀድልን፤ ዙልሁሞር ወደ ሥራዋ ትመለስ። እሾህ አልባውን ዝርያ አንጠላውም፤ አጥር ባለው ቦታ፣ ለምሳሌ በጣቢያዎ ግቢ አበባ መደብ ላይ፣ እጅግ ያምርልዎታል።

ረጅም ዕድሜ፣ የማይሞቅ የማይበርድ ቢሮ፣ አንብቦ የማይጠይቅ የበላይ ኃላፊ እየተመኘሁልዎ፣ ከአርባ አንዱ ቤት ሰላምታና ከእኔ ጥልቅ አክብሮት ጋር፣

ሁልጊዜም አመስጋኝዎ
ኦይሱሉቭ ቤክሙሮዶቫ
የቆራቡሎቅ ገበሬ

ማሳሰቢያ፦ የዚህን ደብዳቤ ግልባጭ ለክልሉ ጋዜጣም ልልክ ፖስታውን ሳሽግ የምክር ቤቱ መልስ ደረሰኝ፤ እንኳን ደስ አለዎት። ትእዛዙ ለጊዜው ታግዷል፤ ጉዳዩን በቦታው ተገኝቶ የሚያጣራ ኮሚቴ ተቋቁሟል፤ የኮሚቴው ሰብሳቢም እርስዎ ራስዎ ተደርገዋል። መጀመሪያ ሳነበው ወረቀቱን መልሼ ላጥፈው ነበር። ከዚያ ሁለተኛውን ገጽ ገለጥኩ፤ «ሰብሉን የመዘነችው ባለሙያ በአካል ተገኝታ ያልፈረመችበት ሪፖርት ዋጋ የለውም» ይላል። እንግዲህ ኮሚቴው በሚመጣበት ሐሙስ ጠዋት አርባ አንዱም ቤተሰብ ማሳው ላይ ይጠብቃችኋል፤ ከመጋዘኑ የሚያመጧት እርስዎ ነዎት። በመንገድ ላይ ግን አደራ፣ የፊት ወንበሩን ይልቀቁላት፤ ከኋላ ስትቀመጥ ያጥወለውላታል።